ግራው አውሬ ያዛጋል

ጌሙ ሲጀምር አንድ ፍሬ ልጅ ቦርሳውን አዝሎ፣ እናቱን ተሰናብቶ፣ አውሬ ሊሰበስብ ከቤት ይወጣል። እናትየው በሩ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዝለታለች። በቃ። ስንቅ የለ፣ «የት ታድራለህ?» የለ፣ «ስትደርስ ደውል» የለ። ልጁ ዱር ገብቶ አውሬ ሲያገኝ ኳስ ይወረውርበታል፤ አውሬው ኳሱ ውስጥ ጥልቅ ይላል፤ ልጁም ኳሱን ኪሱ ከቶ መንገዱን ይቀጥላል። መንገድ ላይ ሌላ ልጅ ሲያገኝ አውሬዎቻቸውን ያዋጋሉ። ይህን ሁሉ እሺ ብዬ ተቀብያለሁ። በዚያ አገር ሙሉ ግን አንድም አውሬ ሲግጥ አይታይም፤ አንድም ቦታ እበት የለም። እኔ የወገራ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከብት ሞልቶ እበት የሌለበት አገር አለ ቢሉኝ አላምንም።

ቢሆንም እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ። አሁን ከተማ፣ ማራኪ በሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ተማሪ ሲጠፋ በስልኬ ስጫወት ለመድሁት። ከዚያ የጌሙን ዓለም ተውሼ ልቦለድ መጻፍ ጀመርሁ። እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል፤ እኔ ደግሞ በአማርኛ ልሞክረው ብዬ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ያ ዓለም ትንሽ እውነት እውነት እንዲሸት።

በመጀመሪያ የጻፍሁት፣ እሳት የሚተፋው አውሬ የመንደሩን የጭድ ክምር አቃጥሎ ሽማግሌዎች ለካሳ ሲቀመጡ ነው። ሽማግሌዎቹን ከጧት እስከ ማታ አነጋገርኋቸው። አንባቢዎቼ ተማሪዎች ናቸው፤ «ውጊያው የት ሄደ?» አሉኝ። አንዱማ የሚያንቀላፋ ድመት ስቲከር ላከልኝ። ተናደድሁ እንጂ ተስፋ አልቆረጥሁም።

ክፍሌን የምትጋራኝ ልጅ አብሮ አደጌ ናት፤ አፈር ፈጭተን ውሃ ተራጭተን ያደግን። እሷ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ምድጃችን አንድ፣ ጀሪካናችን አንድ፣ ኪራያችን የጋራ ነው። አባቶቻችን ደግሞ መቀናጆ ናቸው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ይጠምዱና ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያሉ ተራ በተራ ያርሳሉ። የአባቴ በሬ የቀኝ ነው፤ የሷ አባት በሬ የግራ። በሬ አንዴ የለመደውን ጎን አይለቅም። እኔ የሷን አባት አያ እያልሁ ነው ያደግሁ፤ እዚህም አያ እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ይኼ መቀናጆ ነው ወደ ልቦለዴ የገባ። ጀግናው ልጅ ርቦት፣ እግሩ አብጦ፣ ከአንድ የደጋ መንደር ይደርሳል። በዚያ መንደር አውሬ የሚያዋጋ የለም፤ ያርሱበታል። ጀርባቸው ቋጥኝ፣ አንገታቸው ግንድ የሆኑ አውሬዎች ናቸው። ጌሙ ላይ አንድ ልጅ ስድስት አውሬ ኪሱ ከቶ ይዞራል፤ ስድስት አውሬ ማን ሊቀልብ ነው? በኔ መንደር ለአንድ ሰው አንድ አውሬ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አውሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ። የግራውን አንድ ቀንዱን ወደ ታች ቆልመም አደረግሁት። የአያ በሬ ቀንዱ እንዲያ ነው፤ ሌላ በሬ ዓይኔ ላይ አልመጣልኝም።

ለአባቴ አሮጌ ታች ስልኬን ሰጥቸዋለሁ፤ ፊቱ የተሰነጠቀውን። ዓይኑ ስለደከመ ምዕራፉን በድምፄ እየቀዳሁ እልክለታለሁ። መንደራችን ኔትወርክ የሚይዘው መንገድ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት አጠገብ ብቻ ነው። አባቴ እዚያ ወርዶ፣ ድምፁን እስከ ጣራው ከፍቶ ያዳምጥና ወዲያው ይደውላል።

«ያች እናት ግን እናት ናት?» ነበር የመጀመሪያ አስተያየቱ። «ምነው ልጇን እንዲህ ትለቃለች?»

«ጌሙ ነው አባዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«አንች አይደለሽ የምትጽፊ?»

እናትየዋን ለልጇ በሶ አስቋጠርኋት። ትንሽም አስለቀስኋት። «አሁን ሸጋ ሆነ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣

«አውሬው የት ነው የሚያድር?»

«ኳስ ውስጥ።»

«ቆሞ ነው ተኝቶ?»

«እኔ እንጃ።»

«ይችንም ሳታውቂ ነው የምትጽፊ?»

ከዚያ ወዲያ መንደሬ ውስጥ ኳስ የለም፤ አውሬዎቼ እንደ ሰው ከብት በረት ያድራሉ። አያም አልቀሩ፤ ልጃቸው እየደወለች ታነብላቸው ስለነበር «አውሬዎቹ ጨው ይልሳሉ ወይ ብለሽ ጠይቂያት» ብለው ላኩብኝ። አስላስኋቸው። የሚገርመው አንባቢዎቼም ወደዱት። ጦርነት ያማራቸው ልጆች ሁሉ ጨው ስለሚልስ አውሬ ሲጽፉልኝ ዋሉ።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ሚያዝያ ላይ አባቴ አፉን ከፈተ።

የወር ማኅበር ነው። ጠላው ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨዋታው የደራ። ስለ በሬ ሲነሳ አባቴ፣ «የኔ በሬ ነው የሚያርስ፤ የሱማ ተደግፎት እያዛጋ ይሄዳል» አለ። ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። አያ ጠላቸውን አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እኛ አገር ሰው በራሱ ቢቀለድበት ይስቃል፤ በበሬው ግን አይስቅም። በማግስቱ የአያ የእርሻ ተራ ነበር። አልመጡም። በሚቀጥለው ቀን የአባቴ ተራ ነበር። የአያ በሬም አልመጣም።

እኛ ወሬውን ማራኪ ሆነን፣ በአንድ ክፍል፣ በሁለት ስልክ ሰማነው። እኔ በአንዱ ፍራሽ አባቴን፣ እሷ በሌላው ፍራሽ አባቷን። ዘግተን ስንተያይ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። «ያንች አባት አፍ!» አለችኝ። «ያንች አባት ኩርፊያ!» አልኋት። ሽንኩርቱን እየከተፍን ሳቅን። ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይታረቃሉ ብለን ነበር።

ሳምንቱ አለፈ። አባቴ ከወፍጮ ቤቱ ደወለ።

«ስሚማ፣ ያንን ግራውን አውሬ ትንሽ ሰነፍ አርጊው።»

«ምነው?»

«አንች ሁልጊዜ እውነት እውነት አይደለም የምትይ? እውነቱን ነው የምልሽ። ያዛጋ።»

ያንኑ ቀን ማታ አብሮ አደጌ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «አባቴ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ግራው የሚያዘግም ቀኙ እየገፋው ነው፤ ጓደኛሽ እውነተኛ ከሆነች ይችን ትጻፍ፣ አለ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት መነጋገር አቅቷቸው በአውሬ በኩል ሊሟገቱ ነው። ዳኛዋ እኔ መሆኔ ነዋ! ምን ይሻላል ብዬ፣ ግራው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያዛጋ፣ ቀኙም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገፋ አድርጌ ጻፍሁ። ፍትሕ ያልሁት ይኼንን ነበር። አባቴ «አንድ ጊዜ ብቻ?» ብሎ ተቀየመ። አያ «ገና ለገና አዛጋ ተብሎ ተጻፈ?» ብለው ተቀየሙ። ቻናሌ ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀኞችና ግራዎች። ለፈተና ማጥናት የነበረበት ተማሪ ሁሉ ስለ ቀንበር ሲከራከር ያመሻል። አንባቢ እንዲህ በዝቶልኝ አያውቅም። ደስ ያለኝን አልዋሽም።

ደስታዬን ያበላሸው አባቴ ነው። ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጭ ሰው ተሰብስቦ ባለበት የኔን ድምፅ ከፍቶ፣ በየመሃሉ እያቆመ ያስረዳል። ግራው አውሬ ብቅ ሲል ያቆማል። «ይኼ ቀንዱ ቆልመም ያለው፣ ማን እንደሆነ መቸም አውቃችሁታል» ይላል። ሰው ይስቃል። እንደገና ይከፍታል። ማዛጋቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ራሱ አዛግቶ ያሳያቸዋል። አያ በዚያች ሰዓት ገብሳቸውን በአህያ ጭነው እየመጡ ነበር። አህያዋን ከነጭነቷ አዙረው ተመለሱ።

ማታ፣ ሰው ከወፍጮ ቤቱ ሲበተን፣ ወርደው ለልጃቸው ደወሉ። ብዙም አላወሩ። «ቅዳሜ ይሸጣል» አሉ፣ በቃ።

አብሮ አደጌ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። ከዚያ አለቀሰች። በሬውን በወይፈንነቱ ታውቀዋለች፤ ቀንበር ሲያስለምዱት ከፊቱ እየሄደች ትመራው የነበረች እሷ ናት። እኔም ሳቄ ከየት ይመጣል! ግንቦት ተጋምሷል፤ ዝናቡ ደጅ ላይ ነው። ገበሬው ሁሉ ተቀናጅቶ ጨርሷል። ያ በሬ ከተሸጠ አያ ማረሻቸውን ሰቀሉ ማለት ነው። አባቴም አንድ በሬውን ይዞ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ሌላ መቀናጆ ከየት ያመጣል? ደግሞስ ማን ይችለዋል? እኔ ልጁ ሆኜ የማልችለውን አፉን፣ ይህን ሁሉ ዘመን የቻሉት አያ ብቻ ናቸው። አባቴ ሌላ ጓደኛ የለውም። ይኼን ሳስብ ፈራሁ።

ደወልሁለት።

«አባዬ፣ ሂድና ይቅርታ በላቸው።»

«እኔ? ለቀልድ?»

«በሬውን ሊሸጡት ነው እኮ።»

«ይሽጠዋ! እኔ መቀናጆ አጣለሁ?» አለ። አፉ እንደሱ ይበል እንጂ ድምፁ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ጣራ አልነካም። ደህና ዋይም ሳይለኝ ዘጋው።

ሻይ አፍልተን ተቀመጥን። በመጨረሻ አብሮ አደጌ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እስቲ ያንን እውነትሽን አምጭው» አለችኝ። ተቆጥታለች፤ በኔም በአባቷም በአባቴም። «ጨው አላስሻቸው፣ በረት አሳድረሻቸው የለ? እንግዲያ ሽጭው። ምን እንደሚመስል ይስማው።»

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማሽኑ የተማሪ ማስታወሻ እየተፋ፣ እኔ ግራውን አውሬ ገበያ ወሰድሁት። ነጋዴዎቹ አፉን ከፍተው ጥርሱን አዩ፤ ሻኛውን ጨበጡ፤ ጎኑን በዱላ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። አንዱ ስለቆለመመው ቀንዱ ቀለደ። ባለቤቱ ገመዱን አስረክቦ፣ መልሶ ጨበጠው፣ ከዚያ ለቀቀው። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመለስሁ። ጧት የቀኙን አውሬ ከበረት ሲያወጡት ቀጥ ብሎ እርሻው ሄደ። እንደ ልማዱ በቀኝ ቆመ፤ በግራው በኩል ቦታ ትቶ። ባለቤቱ ቢጮህበት፣ ጅራፍ ቢያጮህበት ንቅንቅ አላለም። ያንን ክፍት ቦታ እያሸተተ ቆሞ ዋለ። ውጊያ የለ፣ መብረቅ የለ። ድምፄን ስቀዳ ሁለቴ ተሰናክየ ደገምሁት። ልትከፍለኝ የቆመች አንዲት ተማሪ «ምነው፣ አመመሽ?» አለችኝ። ቻናሉ ላይ ሳልለጥፍ ለአባቴ ብቻ ላክሁት።

አባቴ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለ። ከበስተኋላው የወፍጮው ድምፅ በሩቁ ነው የሚሰማ፤ ስልኩን ይዞ ከሰው ራቅ ብሏል ማለት ነው።

«ሸጥሽው?» አለ።

«ሸጥሁት።»

«ማን ነው የገዛው?»

«አንድ ነጋዴ።»

«ለእርሻ ነው ለእርድ?»

ይኼን አላሰብሁበትም ነበር። «ገና አልጻፍሁትም» አልሁት።

«አትጻፊው» አለ። «ቆይ። አትጻፊው።» ዘጋው።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማነው ዓርብ ዕለት ከራሳቸው ከአያ ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን፣ ሁለታችን አንድ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተን። ሰውየው እየሳቁ ስለነበር ግማሹን ሁለት ጊዜ አስደገምናቸው።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ማረኝ ሲል ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይመጣል። አያ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ በሬውን ለነገ ገበያ እያሻሹ ሳለ አባቴን ከሩቅ አዩት። አባቴ የተሸከመው ድንጋይ አይደለም። ቀንበሩን ነው። አንገቱን በቀኙ በኩል፣ የራሱ በሬ በሚጠመድበት ቦታ አስገብቷል። ግራው ባዶ ነው። ቀንበር በአንድ አንገት አይቆም ነገር፣ ባዶው ጎን መሬት መሬቱን እየጎተተ፣ አባቴን ወደ ጎን እያንጋደደ፣ ዳገቱን ወጣ። ውሻ ይጮህበታል። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያያል።

ደጃቸው ሲደርስ ቆመ። አያ ወዲያውኑ ቀና አላሉም፤ ኩርፊያቸውንም አውቀዋለሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ በመጨረሻ።

«ድንጋይ አጣሁ» አለ አባቴ።

በወገራ ድንጋይ አጣሁ ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አያ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ። አባቴ ግን አልሳቀም። አንገቱ እንደተጣመመ፣ «በሬህን አትሽጥብኝ» አለ። «እኔ ካንተ ጋር ካልሆነ አላርስም። የኔም አያርስም።»

አያ እዚህ ላይ ሲደርሱ አብሮ አደጌ እጄን ጨበጠች። አያ ተነሥተው፣ ያንን መሬት የሚጎትተውን ባዶ ጎን አንሥተው፣ አንገታቸውን አስገቡበት። በግራ። ቀንበሩ ቀጥ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቀንበር፣ ከደጃፉ እስከ በረቱ ተራመዱ። የአብሮ አደጌ እናት ከውስጥ ብቅ ብለው «ኧረ የሰው ያለህ! እነዚህ ሰዎች አብደዋል!» ብለው ጮኹ። አያ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቆም ብለው፣

«አንተ፣ ቀኙ ደገፍ ደገፍ ይላል እኮ!» አሉት።

አባቴ ያኔ ነው የሳቀ። ሳቁ ቀንበሩን ስላነቃነቀው ሁለቱም ሊወድቁ ነበር፣ አሉ አያ።

ቅዳሜ በሬው ገበያ አልወጣም። ቅዳሜ አይታረስ፣ እሁድ አይታረስ፤ ሰኞ ደግሞ በዓል ሆነ። ማክሰኞ ጠመዱ። ዝናቡም ትንሽ ታገሠን።

እኔም ነገሩን እንዳለ ጻፍሁት። ምንም አልጨመርሁም። የቀኙ አውሬ ባለቤት ቀንበር በአንገቱ አስገብቶ ዳገት ወጣ፤ የግራው ባለቤት በግራ ገባ፤ ሳቁ፤ አውሬው ሳይሸጥ ቀረ። ከጻፍሁት ሁሉ ይኼን ነው የምወደው። ስለ እበትና ስለ በሶ ያን ያህል የተጨነቅሁት ለዚህ ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ ግን ተነሡብኝ። «እስከዛሬ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ላይ አጋነንሽ» አለ አንዱ። «ሽማግሌ ሰው ቀንበር አንገቱ ላይ አያስገባም፤ ገበሬ አታውቂም እንዴ?» አለች ሌላዋ። ያ ድመት ላኪው ደግሞ፣ «አውሬው ኳስ ውስጥ ይገባል ስትይን አምነንሻል፤ ይኼን ግን አናምንም» ብሎ ጻፈ። ቀኞችና ግራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በዚህ ነው።

እየሳቅሁ ለአባቴ ደወልሁ። ወፍጮ ቤት ነበር።

«አባዬ፣ አንባቢዎቼ እውነት አይመስልም አሉ።»

«የቱ?»

«ቀንበሩ። ሰው እንደዚያ አያደርግም አሉ።»

የሚያሳክከውን ቦታ ሲያክ በስልኩ ተሰማኝ።

«በያቸው፣ ይምጡና አንገቴን ይዩት» አለ።

ከጎኑ፣ ከወፍጮው ጩኸት በላይ፣ የአያ ድምፅ ተሰማ።

«የኔንም!»